ስለ ቆዳቸው ተባለ፣ ስለ ዓይናቸውስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ጋዜጣችሁን አንዳንዴ ቀኑ ካለፈ በኋላ፣ አንዳንዴም ተውሼ አነባለሁ። ሰኔ 6 የአልቢኒዝም ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2007 ዓ.ም. ወስኖ በዚያው ዓመት መከበር ጀመረ። ቀኑ ሲደርስ ጋዜጣውም፣ ሬዲዮውም፣ ቴሌቪዥኑም የቆዳና የጸጉር ቀለም አንሷቸው ስለሚወለዱት አልቢኖ ልጆች አንድ ነገር ይላል። ደግ ነው። ግን ቅሬታ አለኝ፤ የሚባለው ሁሉ ስለ ቆዳ ነው። ፀሐይ፣ ቅባት፣ የቆዳ ካንሰር፣ የሰው አፍ። ሁሉም እውነት ነው፣ መባልም አለበት። ስለ ዓይን ግን መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ትወረወራለች፦ "የእይታ ችግርም አለባቸው"። በቃ። እኛ ቤት ደግሞ ነገሩ ከጠዋት እስከ ማታ የዓይን ነገር ነው።

ሐኪም አይደለሁም። ትምህርት ቤት አጠገብ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለችኝ። ልጄ አልቢኖ ነው፣ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ገብቷል። ስሙን እንዳልጽፍ አስምሎኛል (ዕድሜው እዚያ ላይ ነው፣ አባት ያለው መሆኑም ያሳፍረዋል)። የምጽፈው የዓይን ሐኪሞች ካስረዱኝ፣ አንብቤ ካገናዘብኩት፣ ከዚያ ይበልጥ ደግሞ እሱን ሳሳድግ ካየሁት ነው።

ነገሬ ይሄ ነው። አልቢኖ ልጅ በሦስት ወሩ ያለው እይታና በአሥር ዓመቱ ያለው እይታ አንድ አይደለም። እይታው ያድጋል። በዝግታ ነው፣ በራሱ መንገድ ነው፣ እስከ ጉርምስናም ድረስ ሊሻሻል ይችላል። ሙሉ ግን አይሆንም። ሰው እነዚህን ሁለት ነገሮች አብሮ መያዝ አቃተው። ግማሹ ልጁ ገና ጡት ሳይተው "ዕውር ነው" ብሎ ይፈርድበታል። ግማሹ ደግሞ መነጽር አድርጎ ሲያየው "አሁንማ ያያል፣ ስንፍና ነው እንጂ" ይላል። በሁለቱ መሃል የሚጎዳው ልጁ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ማንኛውም ሕፃን ሁለት ወር አካባቢ ሲሆነው የእናቱን ፊት ትኩር ብሎ ማየት ይጀምራል። የኛ ልጅ አላየም። ብርሃን ሲበዛ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ጥላ ሲሆን ይከፍታል፣ እኛ ላይ ግን አይተክልም። ሦስተኛ ወሩ ላይ ደግሞ ዓይኑ መዋለል ጀመረ። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ያለማቋረጥ። አራስ ልትጠይቅ ከመንዝ የመጣችው እናቴ ቡዳ ነው አለች። አንዷ ጎረቤታችን ሞራ ነው አለች፣ ሌላዋ ዳፍንት ነው አለች። ጠበልም ሄድን፣ አሁንም እንሄዳለን፣ እሱን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም። ግን የሆነውን ነገር ቀድሞ የነገረን ሰው ቢኖር ኖሮ ባለቤቴ ያን ሁሉ ሌሊት አታለቅስም ነበር።

የሆነው ነገር የተለመደ ነው። አልቢኒዝም ባለባቸው ሕፃናት እይታ ዘግይቶ ነው የሚነቃው። አራት፣ አምስት፣ ስድስት ወርም ሊፈጅ ይችላል፣ እስከዚያ ድረስ ጭራሽ የማያዩ ይመስላሉ። የዓይን መዋለሉም የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ገደማ ነው። መጀመሪያ ላይ ሰፊና ዘገምተኛ ነው፣ ለሚያየው ሰው ያስደነግጣል። ልጁ እያደገ ሲሄድ ግን እየጠበበ ትንሽ መርገብገብ ይሆናል። ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። አንድ ቀን ልጄን "ስታየኝ እወዛወዛለሁ?" አልኩት። "አይ አባዬ፣ ለምን ትወዛወዛለህ?" አለኝና ሳቀብኝ። ለካ አእምሯቸው ከጨቅላነታቸው ስለለመደው ዓለም ቀጥ ብላ ነው የምትታያቸው። የሚዋልለው ለኛ ነው።

ታዲያ ዘግይቶ ይነቃል ማለት ዝም ተብሎ ይጠበቅ ማለት አይደለም። ዓይኑ ሲዋልል ያያችሁ ቀን የዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። የሕፃን ዓይን የሚዋልልበት ሌላ ብዙ ምክንያት አለ፣ የትኛው እንደሆነ በዓይን ግምት አይለይም። ከኛ አካባቢ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው። መንገዱ ቢደክምም ይሄዳል። ከመርሐ ቤቴና ከመሐል ሜዳ ለሚነሳ ሰው ግን "ይሄዳል" ብሎ ማለፍ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ለምን አጥርተው አያዩም? ሁሉም የሚመጣው ከሜላኒን ነው፣ ለቆዳና ለጸጉር ቀለም ከሚሰጠው። ብዙ ሰው ሜላኒን ለውበት ብቻ ይመስለዋል። ዓይን ውስጥ ግን ሥራ አለው። ልጁ ገና በማኅፀን ሳለ ዓይኑ በትክክል እንዲሠራ ሜላኒን ያስፈልጋል። እሱ ሲያንስ የሬቲናው መሃል፣ ፎቪያ የሚባለው፣ ደቃቅ ነገር የምናነብበት ቦታ፣ በደንብ ሳይጎለብት ይቀራል። ይህን በስካነር ላስረዳ፣ ሥራዬ ስለሆነ። ስካነር ላይ ጥራቱን ዝቅ አድርጋችሁ ደቃቅ ጽሑፍ ብትሰጡት ፊደሎቹ ተያይዘው ይወጣሉ። መስታወቱን ብትወለውሉት፣ ደግማችሁ ብትወለውሉት፣ ለውጥ የለም። ያንኑ ጽሑፍ አጉልታችሁ ብትሰጡት ግን ይነበባል። መነጽር መስታወቱን መወልወል ነው፣ ያስፈልጋል፣ የቆሸሸ መስታወት ጥሩ ስካነርንም ያበላሻል። የማሽኑን ጥራት ግን አይቀይርም። "መነጽር አድርጎ እንዴት አያይም?" ለሚለኝ ሰው ሁሉ የምሰጠው መልስ ይሄ ነው። ደንበኞቼ ቶሎ ይገባቸዋል።

ሌላም አለ። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄዱት የነርቭ ክሮች መንገድ ላይ አንድ መገናኛ አላቸው። በሌላ ሰው ላይ ግማሽ ያህሉ ወደ ማዶ ይሻገራሉ፣ ግማሹ በዚያው ወገን ይቀራሉ። አልቢኒዝም ካለ አብዛኞቹ ይሻገራሉ። በዚህ ምክንያት ሁለቱ ዓይኖች ተባብረው ርቀትንና ጥልቀትን መለካት ይቸግራቸዋል፣ አንዱ ዓይን ሸውረር ማለቱም የተለመደ ነው። ይሄን ሳላውቅ በፊት ልጁ ከፔርሙስ ሻይ ሲቀዳ ከሲኒው ውጭ የሚያፈሰው ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር። ኳስ መሬት ለመሬት ስትመጣለት ይመታታል፣ በአየር ስትመጣ ግን ፊቱን ትመታዋለች። ደረጃ ሲወርድ እግሩን እየዳሰሰ ነው፣ ሲወጣ ግን ይሮጣል። ቦዩን ያልከደኑት የከተማችን መንገዶችማ ራሳቸውን የቻሉ ፈተና ናቸው። ሲያድግ ይሄም ተሻሽሏል፤ ዓይኑ ተለውጦ ሳይሆን ዘዴ ስላበጀ ነው። ጥላውን ያያል፣ ጣቱን ሲኒው ጠርዝ ላይ ያደርጋል፣ የሰው እርምጃ ያዳምጣል።

መነጽሩ ጉዳይ። እነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ሌላም ችግር አብሮ አለባቸው፣ ቅርብ ወይም ሩቅ የማየት፣ በተለይ ደግሞ የዓይን ፊት ክበቡ የተስተካከለ ባለመሆኑ የሚመጣ መዛባት። እሱ በመነጽር ይታረማል፣ ቶሎ ቢታረም ደግሞ ይመረጣል። እይታ በልጅነት ነው የሚለመደው፤ አንጎሉ የደበዘዘ ምስል ብቻ እየተቀበለ ካደገ ኋላ ላይ የጠራውን ቢሰጡትም አይጠቀምበትም። ስለዚህ ልጁ ማንበብ እስኪጀምር አትጠብቁ። ገና በድክድክ ዕድሜውም ሐኪሙ ዓይን የሚያሰፋ ጠብታ አድርጎ ሊለካው ይችላል፣ ልጁ "ይህን ፊደል አየዋለሁ" ማለት የለበትም። ልኩ ደግሞ ይቀያየራል። አንዴ ተለክቶ አምስት ዓመት የሚደረግ መነጽር የለም። በልጅነት ቢያንስ በየዓመቱ መታየት አለበት። ፍሬሙም ይጠባል፣ አፍንጫው ላይ ይንሸራተታል፣ ልጁ በመነጽሩ አናት በኩል ማየት ይጀምራል፤ ያኔ ብሩም ልፋቱም ከንቱ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ልጄ አንድ ነገር አተኩሮ ሲያይ አንገቱን ወደ ግራ ያዞራል፣ አገጩንም ትንሽ ዝቅ ያደርጋል። ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው የጀመረው ነው። ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩ "ቀጥ ብለህ ተቀመጥ፣ ሰው በጎን ያያል እንዴ?" እያለ አገጩን በእጁ ያቀናው ነበር። ልጁ የሚያየውን ያጣል፣ እንደገና ይዞራል፣ ይቆጡታል። ጉዳዩ ግን ግልጽ ነው። የሚዋልለው ዓይን የሆነ አቅጣጫ ላይ ሲሆን ይረጋጋል። ልጁ ማንም ሳይነግረው ያንን ቦታ ፈልጎ አገኘው። አንገቱን ያዞረው ዓይኑን እዚያ ለማሳረፍ ነው። አንገቱን ስታቀኑለት እይታውን እየቀነሳችሁበት ነው። መዞሩ በጣም በዝቶ አንገቱን የሚያሳምመው ከሆነ የዓይን ጡንቻን ቦታ የሚያስተካክል ቀዶ ሕክምና አለ፣ ያን የሚወስነው ግን ሐኪም ነው፣ የአማርኛ መምህር አይደለም።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር። ዓይን ሲለካ አንዱን ሸፍኖ በሌላው ማንበብ የተለመደ ነው። አልቢኖ ልጅ ላይ ግን አንዱ ዓይን ሲሸፈን የሌላው መዋለል ይብሳል። የሚመዘገበው ቁጥር ልጁ በየቀኑ ከሚያየው ያነሰ ይሆናል። ለዚህ ነው ሁለቱም ዓይን ተከፍቶ፣ አንገቱንም እንደፈለገ አዙሮ መለካት ያለበት። እኛን አንድ ቦታ ላይ ይሄ ሳይደረግ ተጽፎ የተሰጠን ወረቀት ብዙ አንከራተተን። ደግሞ ድካም፣ ፍርሃት፣ ንዴት ሁሉ መዋለሉን ይጨምሩታል። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ፣ በአውቶቡስ ተንገላቶ፣ ሰልፍ ቆሞ የሚለካ ልጅ ቤቱ በር ላይ እንደሚያየው አያይም። ወላጆች፣ ለባለሙያው ንገሩት። አትፍሩ። "በሁለቱም ዓይኑ አንድ ላይ ይለካልኝ" በሉ።

ቁጥር ካነሳን፣ ብዙዎቹ እነዚህ ልጆች ከ6/18 እስከ 6/60 ባለው መሃል ነው የሚውሉት፣ ከዚያ የሚያንሱም የሚሻሉም አሉ። 6/60 ማለት ሌላው ሰው በ60 ሜትር የሚለየውን እሱ ለመለየት እስከ 6 ሜትር መቅረብ አለበት ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዕውር የሚለው በመነጽር ታርሞም ከ3/60 በታች የሆነውን ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ በዚያ መለኪያ ዕውሮች አይደሉም። ዝቅተኛ እይታ ያላቸው ናቸው። ሰው ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ወይ ማየት ወይ አለማየት። ሱቄ የመጡ አንድ አባት ልጃቸውን ለዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ስጡ ተብለው መስጠታቸውን አጫወቱኝ። ልጅቷ ብሬይሉን ተማረችው። ግን በጣቷ ሳይሆን በዓይኗ ነበር የምታነበው! ነጥቦቹን ወረቀቱ ላይ ተጠግታ እያየች። ይሄን ሲነግሩኝ ሁለታችንም ሳቅን፣ በኋላ ግን ሳቁ ጠፋብን። ብሬይል ለሚያስፈልገው ትልቅ ነገር ነው፤ የምታይን ልጅ ግን እንዳታይ ማድረግ ምን ይባላል?

በጣም ስለመጠጋት ደግሞ ልበል። ልጄ መጽሐፍ አፍንጫው ላይ አድርጎ ነው የሚያነበው። እናቴ አሁንም ድረስ "ኧረ ዓይንህን ታጠፋዋለህ!" ትለዋለች። አያጠፋውም። ሲጠጋ ፊደሉ ይተልቅለታል፣ በዚያ ላይ ዓይኖቹ ወደ ቅርብ ሲሰበሰቡ መዋለሉ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ከሩቅ ይልቅ በቅርብ የሚሻላቸው። ተፈጥሮ የሰጠችው ማጉያ ነው፣ አትንጠቁት። ስልክም ቢሆን ያው ነው። ሰዓቱ እንዳይበዛ እከለክለዋለሁ እንጂ በመጠጋቱ አልቆጣውም።

ፊደላችንስ? ይሄን ማንም አይጽፈውም፣ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከፊደል ጋር ስለምውል ያስጨንቀኛል። የአማርኛ ፊደል ልዩነቱ ያለው በጭረት ላይ ነው። "ሉ" እና "ሊ" የሚለዩት ጭረቷ ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ በመሆኗ ብቻ ነው። "ሰ" እና "ሸ"፣ "ተ" እና "ቸ"፣ "ደ" እና "ጀ" የሚለዩት አናት ላይ ባለች ትንሽ ሰረዝ ነው። ዓይኑ ለደከመ ልጅ እነዚህ ጭረቶች ናቸው ቀድመው የሚጠፉት። ልጄ አንደኛ ክፍል ሳለ ፊደል አይዘልቀውም ተብሎ ነበር። የፊደል ገበታውን በትልልቅ አድርጌ፣ እያንዳንዱን ቤት ለብቻው ባንድ ወረቀት አትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩለት። ያዘው። ማስታወስ አልነበረም ችግሩ። አይቶት አያውቅም ነበር። አሁን ደግሞ ፈጣን አንባቢ ነው፣ ምክንያቱም ጭረቷን ባያያትም ቃሉን ከአረፍተ ነገሩ ይገምተዋል። ስም ሲመጣ ግን ይሳሳታል፣ ስም አይገመትማ።

የሰሜን ሸዋ ፀሐይ ለብቻው ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ጎጂው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርዱ ግን ያታልለናል፤ ጋቢ የለበሰ ሰው ፀሐይ ትዝ አይለውም። የልጄ ዓይን ብሌኑን የሚከበው ክፍል ብርሃን አያግድለትም፣ ከኋላ ደግሞ የገባውን ብርሃን የሚውጥ ቀለም የለውም፣ ስለዚህ ያጥበረብረዋል። በጥቅምትና በኅዳር እኩለ ቀን ላይ ከቤት ሲወጣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲሆን፣ ወይም ማታ ጀንበር ስትገባ ግን ሌላ ልጅ ነው፣ ከፊቴ እየሮጠ ይሄዳል። ዳፍንት ያሉት ሰዎች ተቃራኒውን ነው ያሉት። (አንዳንዱም "ዓይናቸው ቀይ ነው" ይላል። ልጄን መጥታችሁ እዩት፣ ግራጫ ነው። ቀይ የሚመስለው ብርሃን በሆነ አቅጣጫ ሲመታው ወይም በፍላሽ ፎቶ ሲነሳ ነው።)

ለዚህ ትልቁ መድኃኒት ኮፍያ ነው። ሰፊ ክፈፍ ያለው። የፀሐይ መነጽርም ጥሩ ነው፣ ጨረሩን የሚያግድ መሆኑ ተረጋግጦ እንጂ መንገድ ላይ የተዘረጋውን ጥቁር ሁሉ አይደለም፤ ክፍል ውስጥ ደግሞ በጣም የጠቆረ መነጽር ያለችውን እይታም ይቀንሳል። አሁን ጠይቁኝ፣ ኮፍያ ማድረግ ይፈቀድለታል ወይ? ጠዋት ሰልፍ ላይ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው ያሰልፏቸዋል፣ ፀሐይዋ ትክክል ፊት ለፊት ናት፣ እና "ኮፍያ አውልቅ"። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ማውለቁን እናከብራለን። ከዚያ በኋላ ግን ማስታወቂያው ሁሉ እስኪነገር ለምን? ሰልፉን ጀርባ ወደ ፀሐይ ማዞር ምን ያስወጣል? ዳይሬክተሩን አነጋግሬ አሁን ተፈቅዶለታል። ሌላው ልጅ ግን አባቱ ሄዶ እስኪከራከርለት መጠበቅ የለበትም።

ክፍል ውስጥ የሚያስፈልገው ነገር ብዙ ወጪ የለውም። ፊት ወንበር፣ ግን ከመስኮት የራቀ። አንገቱን የሚያዞርበትን ጎን አይቶ ማስቀመጥ፤ ልጄ ግራ ጥግ ሲቀመጥ ይሻለዋል። ነጭ ጠመኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ደህና ይታየዋል፣ ቀይና ሰማያዊው ግን የለም ማለት ነው። የሚያብረቀርቀው ነጭ ሰሌዳ ዘመናዊ ነው፣ ለእሱ ግን የባሰ ነው። ደግሞ ፊት ወንበር ስለተቀመጠ ብቻ ሰሌዳው ይታየዋል ማለት አይደለም። መምህሩ የሚጽፈውን እየጮኸ ቢጽፍ ግማሹ ነገር ያልቃል። አንዲት የሒሳብ መምህርት እንዲህ ነው የምታደርገው። ለሌሎቹ ልጆችም እንደጠቀማቸው ነገረችኝ፣ የተጻፈችን ቁጥር ከእንግዲህ ማንም "አላየሁም" አይላትም።

አሁን ሰባተኛ ክፍል ላይ ደርሰናል። እይታው ከሕፃንነቱ ጋር ሲተያይ የሰማይና የምድር ያህል ነው፤ ባለፈው ምርመራም ከአምናው አንድ መስመር ጨምሮ አነበበ። ሐኪሙ እንዳሉን ከጉርምስና በኋላ ብዙም አይጨምርም፣ ባለበት ይረጋል። ደግሞም እየከፋ የሚሄድ በሽታ አይደለም፣ እየጨለመ አይሄድም። ይሄን ለወላጆች ደጋግሜ እላለሁ። ሁሉም የሚፈራው እሱን ነው። አልቢኖ ልጅ እይታው በድንገት ከቀነሰ ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነው፣ ቶሎ ይታይ። ነገር ግን ዓይኑ እየተሻለው ትምህርቱ ለምን እየከበደው መጣ? ምክንያቱም መጽሐፉ ነው። የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ፊደሉ ትልቅ ነው፣ ሥዕል ይበዛዋል። ሰባተኛ ላይ ፊደሉ ደቀቀ፣ ገጹ በዛ፣ ካርታውና ሥዕላዊ መግለጫው ጉንዳን ሆነ። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ራሱን ያመዋል። ያው ዓይን ነው፣ ሸክሙ ነው የጨመረው። ዕድሜውም ራሱ ችግር አለው። ድሮ ማጉያውን አውጥቶ ያነብ ነበር፣ አሁን ልጆች እንዳያዩት ኪሱ ውስጥ ይደብቀዋል። የስልክ ካሜራ ግን አያሳፍረውም። ስልክ ደግሞ ትምህርት ቤት አይፈቀድም።

አንድ ነገር በአጭሩ። እናቱ ላይ ብዙ ተብሏል። "እርጉዝ ሆና ፈረንጅ አይታ ነው" ያለም አለ። እኔና ባለቤቴ ሰባት ቤት ተቆጥሮልን ነው የተጋባነው። ዝምድና የለንም። ይሄ ነገር የሚመጣው ከሁለታችንም ነው፣ እኛ ላይ ሳይታይ ሁለታችንም ይዘነው ነበር፤ እንዲህ ያሉ ጥንዶች በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል አላቸው። ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ከ5,000 እስከ 15,000 ሰው አንድ አልቢኖ እንዳለ ይገመታል። ከ5,000 አንድ በሆነበት ቦታ ደግሞ ሳያውቀው የሚሸከመው ሰው ከ35 አንድ ያህል ነው። ይህን ጋዜጣ ከሚያነቡትም መሃል ብዙ ተሸካሚ አለ።

ወደ ሥራዬ ልመለስ። የልጄን መጽሐፍ ገጽ በገጽ ከኤፎር ወደ ኤስሪ አጎላለታለሁ፣ ማሽኑ ላይ 141 በመቶ ማለት ነው። አንዳንዱን ራሴ በትልቁ ተይቤ አትምለታለሁ። ይሄን ያዩ ወላጆች ከጫጫም፣ ከደነባም ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ለነሱ የወረቀቱን ብቻ ነው የምቀበለው። አንድ ደንበኛዬ "የሰው መጽሐፍ ማባዛት በሕግ ያስጠይቅሃል" ብሎ አስፈራራኝና አጠያየቅኩ። ለካ በፈረንጆቹ 2013 ማራኬሽ ላይ የተፈረመ፣ ኢትዮጵያም የገባችበት ስምምነት አለ፤ ማንበብ ለሚቸገሩ ሰዎች መጽሐፍ በትልቅ ፊደል እንዲዘጋጅ በር ይከፍታል። ይህ እያለ የትምህርት ቤት መጽሐፍ በትልቅ ፊደል ታትሞ ለምን አይመጣም? የአንድ ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ ነው ይሄ?

ስለዚህ ከናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ዘጋቢ አላችሁ፣ ስልክ አላችሁ፣ ለእኔ የማይመልሱ ሰዎች ለናንተ ይመልሳሉ። የክልሉን ትምህርት ቢሮ ጠይቁልን። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ዝቅተኛ እይታ ላላቸው ልጆች በትልቅ ፊደል ይታተማል ወይ? ተጨማሪ ሰዓት የሚሰጠው ለዓይነ ስውራን ብቻ ነው ወይስ ለነዚህም? መልስ መስጫ ወረቀቱ ላይ ያለችውን ደቃቅ ክብ እያየ ማጥቆር ለማይችል ልጅ መልሱን መጽሐፉ ላይ እንዲያከብ ይፈቀድለታል? ጥያቄውን የሚያቀርበው ማነው፣ ትምህርት ቤቱ ወይስ ወላጁ፣ በየትኛው ወር? አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ካጸደቀች ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ተቆጥሯል፣ መልሱ ጠረጴዛ ላይ መኖር አለበት። ልጄ የሚፈተነው በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ መልሱን ከመስከረም በፊት ብታወጡልን ለመዘጋጀት ጊዜ ይኖረናል።

ከሰላምታ ጋር
አንድ አባት፣ ከደብረ ብርሃን